ኧረ ሰሌዳውን እዩት!

የቼዝ ውድድር የሚያደክመው ማሰቡ ነው የሚል ሰው ተወዳድሮ አያውቅም። ማሰቡማ ደስታችን ነው፤ የመጣነውም ለእሱው ነው። እዚህ አሜሪካ ቅዳሜና እሁድ በየሆቴሉ አዳራሽ የምንሰበሰብ አማተሮች፣ ሽልማቱ የቤንዚናችንን ወጪ እንኳ እንደማይመልስ እያወቅን ቀኑን የምንናፍቀው፣ ከማናውቀው ሰው ፊት ተቀምጠን ለጥቂት ሰዓታት ሐሳብ ለሐሳብ ለመግጠም ነው። አንጀት የሚያሳርረው ሌላ ነው። ከፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው እኔንም፣ የምንጫወትበትንም ሰሌዳ የማያይ ሲሆን ነው። ይህን ብሶት ለብቻዬ የያዝኩት ይመስለኝ ነበር። በየውድድሩ ኮሪደር ስንገናኝ ግን ሐበሻውም ፈረንጁም የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይውጣልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያዋ እርምጃ ነው። ነጭ ከንግሥቷ ፊት ያለችውን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ ዲ4 ላይ ያቆማል። እሰየው፤ የተከበረ መክፈቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጥቁር ምንም ይመልስ ምን፣ የሚመጣው ቀድሞ የታወቀ ነው፦ ቢሾፕ ኤፍ4፣ ወታደር ኢ3፣ ወታደር ሲ3፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ሁለተኛው ፈረስ ዲ2፣ ሁለተኛው ቢሾፕ ዲ3፣ ከዚያ ካስል። የለንደን ሲስተም ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 ለንደን ላይ ከተደረገውና ካፓብላንካ ካሸነፈው ታላቅ ውድድር ነው። እኔ ዲ5 ብመልስ፣ ፈረሴን ባስቀድም፣ ጂ6 ብዬ ቢሾፔን በጎን ባሰልፍ፣ ለተጋጣሚዬ ሁሉም አንድ ነው። እጁ ከሰዓቱ ወደ ጠጠሩ፣ ከጠጠሩ ወደ ሰዓቱ ይመላለሳል፤ ዓይኑ ግን እኔ ወዳለሁበት ግማሽ አይሻገርም። ሳትጠይቀው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎህ እንደሚያልፍ ሰላምተኛ ነው። መልሱ ጥያቄውን አልጠበቀም፤ ስለዚህ መልስ አይደለም።

መክፈቻውን እየወቀስኩ እንዳይመስል። እ.ኤ.አ. በ2023 አስታና ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲፋለሙ፣ ዲንግ ሊረን ስድስተኛውን ጨዋታ ከኢያን ኔፖምኒያሽቺ ላይ የወሰደው በዚሁ በለንደን ሲስተም ነው። ማግነስ ካርልሰንም ደጋግሞ ተጫውቶታል። እነሱ ሲጫወቱት ግን የተጋጣሚያቸውን እያንዳንዷን ምላሽ እየመዘኑ ነው፤ አንዲት ወታደር ቦታ ስትለውጥ ዕቅዳቸው አብሮ ይለወጣል። ወደ ኋላ ሄደን እ.ኤ.አ. በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ ካፓብላንካና አሌኺን ለዚሁ ማዕረግ የገጠሙትን ብናይ ደግሞ፣ ከ34ቱ ጨዋታዎች 32ቱ የተከፈቱት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ነጭ ዲ4ና ሲ4፣ ጥቁር ደግሞ የቀረበለትን ወታደር ሳይበላ ማዕከሉን አጥብቆ መያዝ። ሃያ አምስቱ በአቻ አለቁ፤ አሌኺን ስድስት፣ ካፓብላንካ ሦስት አሸነፉ። ፍልሚያው ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። አንድ መክፈቻ ይህን ያህል ጊዜ ሲደጋገም አንዱም ጨዋታ የሌላው ግልባጭ አልሆነም፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሰዎች በየቀኑ እንደ አዲስ ይተያዩ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የዲ4 አይደለም፤ የቢሾፑም አይደለም። ጥፋቱ «ምንም ቢመጣብህ እነዚህን ስምንት እርምጃዎች ሂድ፣ ማሰብ አያስፈልግህም» ብሎ የሚሸጠው ትምህርትና እሱን አምኖ የሚገዛው ሰው ነው።

በቅርቡ የገጠመኝን ልንገራችሁ። በጥቁር ነበርኩ። ዲ4፣ ዲ5። ቢሾፕ ኤፍ4፣ ፈረስ ኤፍ6። ኢ3፣ ሲ5። ሲ3፣ ፈረስ ሲ6። ፈረስ ኤፍ3፣ ንግሥት ቢ6። እዚህ ድረስ ተጋጣሚዬ ከሰዓቱ ምንም አልተጠቀመም ማለት ይቻላል፤ እየሄደ ያለው በቃሉ ነው። ቢሾፑ ከቤቱ ስለወጣ ቢ2 ላይ ያለችው ወታደር ጠባቂ አጥታለች፤ ንግሥቴ የመጣችው ለእሷ ነው። እሱ ንግሥቱን ቢ3 ላይ አቆመ። እኔ ወታደሬን ወደ ሲ4 ገፍቼ ንግሥቷን አስነሳኋት፤ ሲ2 ላይ አረፈች። ያኔ ቢሾፔን ኤፍ5 ላይ አስቀመጥኩ። ማንም አይጠብቀውም፤ ንግሥቷ እንድትበላው በቀጥታ ፊቷ ላይ ነው የቀረበው። በለንደን ሲስተም ጥናት ውስጥ የታወቀች ብልሃት ናት። ንግሥቷ ቢሾፑን ከበላች ቢ2ን የሚጠብቅ አይኖርም፤ የእኔ ንግሥት ወታደሯን ትበላለች፣ ጥጉ ላይ ያለው ሩክም መውጫ የለውም። ወደ ሲ1 ብትመለስ ግን ጨዋታው ገና ጨዋታ ነበር።

ተጋጣሚዬ አላመነታም። ባለቤት የሌለው ቢሾፕ ለምን ፊቱ እንደመጣ ራሱን ሳይጠይቅ አንስቶ ሰዓቱን መታ። ወታደሯን በላሁ፤ ቀጥሎ ሩኩን።

አሸነፍኩ። ደስታ ግን አልሰጠኝም፤ ማንን አሸነፍኩ? ወደዚያ የሄድኩት ያን ሰው ልገጥመው ነበር፤ የገጠምኩት ግን የሸመደደውን ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ሲያልቅ ሰውየው ገና ሊጀምር ነበር፤ ያኔ ደግሞ ሩኩ ሄዷል። በዚህ መልኩ መሸነፍም ደርሶብኛል፤ እሱም እንደዚሁ ባዶ ነው።

አባቶቻችን ሰንጠረዥን፣ የአገራችንን ቼዝ፣ ሲጫወቱ መክፈቻው ተራ አልነበረውም። ወረራ ይባላል። ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ባንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁሉም ያሻውን ያህል ይሄዳል፤ ተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ላይ ላዩን ለሚያየው የዛሬው የሳምንት መጨረሻ ተጫዋች የሚያደርገው ይህንኑ ይመስላል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በወረራ ጊዜ ተጫዋቹ ዓይኑን ከባላጋራው አሰላለፍ ላይ አይነቅልም፤ ያኛው ኃይሉን ወዴት እንደሚያዞር እያየ ነው የራሱን የሚያዘጋጀው። ተራ ሳይኖር መተያየት ነበር። እኛ ተራ አለን፣ ሰዓት አለን፣ መመዝገቢያ ወረቀት አለን፣ ዳኛ አለን፤ መተያየቱን ግን ጥለነዋል። ይህን ሳስብ ነው ከምንም በላይ የሚቆጨኝ።

እኔ ነጭ ይዤ ዲ4 ስል ደግሞ ሌላው ይጠብቀኛል። ጥቁር ወዲያው ኢ5 ብሎ ወታደሩን ይወረውራል። እበላለሁ። ፈረስ ሲ6፤ ፈረሴን አውጥቼ እጠብቃለሁ። ንግሥት ኢ7፤ ቢሾፕ ኤፍ4። ንግሥት ቢ4 ብሎ ቼክ፤ ቢሾፔ ዲ2። ንግሥቱ ቢ2ን ትበላለች። አሁን ነጭ ንግሥቷን ላባርር ብሎ ቢሾፑን ሲ3 ላይ ቢያደርግ ጉዱ ፈላ፤ በጥቂት እርምጃ ውስጥ ሲ1 ላይ ማት ሊሆን ይችላል። ፈረሱን ሲ3 ላይ ካወጣ ግን ጥቁር የያዘው ምንም የለም፤ ንግሥቱ ሩቅ አገር ቀርታ፣ አብዛኞቹ ጠጠሮቹ ገና ከቤት ሳይወጡ፣ ወጥመዱ ከሽፏል። በየውድድሩ ይህችን ወጥመድ ይዞ የማይመጣ የለም። ፈረሴን ሳወጣ ደግሞ ፊታቸው ይጠቁራል፤ የመጡበት ጉዳይ በስድስተኛው እርምጃ አልቋልና። ልጆቹን አልወቅስም፤ ቪዲዮ ነው ያሳያቸው። ጎልማሶቹ ግን፣ ሥራና ቤተሰብ ያላቸው፣ ትዕግሥት የሚያውቁ ሰዎች፣ ለአምስት ዙር ያህል አንዲት ወጥመድ ተሸክመው ሲዞሩ ማየት ያሳዝናል።

ጨዋታው መሐል የሚደርስብንን ደግሞ ስንቱን ልዘርዝረው። ቺፕስ የሚቆረጥም አለ። እስክሪብቶ ሲያንቀጫቅጭ የሚውል አለ። ጠጠሩን ሲያስቀምጥ እንጨቱ ውስጥ ሊያስገባው የፈለገ ይመስል እያሽከረከረ የሚጫነው አለ። ሰዓቱን በጡጫ የሚመታው አለ፤ ያውም የሰው ሰዓት። ጠጠር ማስተካከል የሚፈቀደው ተራው ለሆነው ተጫዋች ብቻ ነው፤ እሱም አስቀድሞ «አስተካክላለሁ» ብሎ ነው። ይኸው ግን እኔ ሩክ ከሩክ መለዋወጡ ይበጃል አይበጅም እያልኩ ሳሰላ፣ ተጋጣሚዬ እጁን ዘርግቶ የእኔን ፈረስ አፍንጫ ወደ ፊት ያዞራል። ሐሳቤም አብሮ ይዞራል።

የአቻ ጥያቄው ግን ከሁሉም ይብሳል። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ እርምጃህን ትሄዳለህ፣ ሰዓቱን ከመንካትህ በፊት አቻ ትጠይቃለህ፣ ከዚያ ዝም ትላለህ። ያ ሩኩን ያጣው ሰው እኔ ሳስብ ይጠይቀኛል፤ እምቢ ስለው ከሁለት እርምጃ በኋላ ይደግማል። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ ተጋጣሚን በማናቸውም መንገድ መረበሽ ክልክል ነው ይላል፤ ተገቢ ያልሆነ የአቻ ጥያቄንም ከረብሻው ይቆጥረዋል። ዳኛ መጥራት ይቻላል። ግን ማን ይጠራል? እጅህን ካነሳህ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ቀና ይላሉ፣ ዳኛው ሰዓት ያቆማል፣ ክርክሩ ከጨዋታው በላይ ያደክማል። ስለዚህ ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ዝምታችን ደግሞ ፈቃድ ሆኖላቸዋል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሰሌዳውን፣ ጠጠሩንና ሰዓቱን የሚያመጣው በአብዛኛው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ሁለቱም ካመጡ የሚመርጠው ጥቁር ነው። ደንቡ ደንብ ነው፤ ጥያቄ የለኝም። ግን ባዶ እጁን እየመጣ በየዙሩ በሰው ዕቃ የሚጫወት ሰው አለ። የሰዓቱን ተጨማሪ ሴኮንድ እንዴት እንደሚሞላ አያውቅም፣ ለማወቅም አይሞክርም፤ «አንተ ሙላው» ብሎ ይቆማል። ከዚህም የሚብሰው ከውድድሩ መውጣቱን ለዳኛ ሳይናገር ወደ ቤቱ የሚሄደው ነው። ስምህ ከስሙ ጋር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሰሌዳህን ደርድረህ፣ ሰዓቱን አስነስተህ ትጠብቃለህ። አንድ ሰዓት ሙሉ ካልመጣ ነጥቡ ያንተ ነው። ነጥብ ልለቅም አልነበረም ሁለት ሰዓት መኪና የነዳሁት። አንዲት ቃል ለዳኛው ብትነገር እኔም ሰው አገኝ ነበር፤ እዚያ ጥግ ተጋጣሚ አጥቶ ዕረፍት የተሰጠው ልጅም ይጫወት ነበር።

ስለ ስልክ ደግሞ ማንሳት ይከብደኛል፤ ግን የሁላችንም ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ ተጫዋች ያለ ፈቃድ በውድድሩ ቦታ ስልክ ይዞ ከተገኘ ይሸነፋል፤ አዘጋጆች ቀለል ያለ ቅጣት ሊደነግጉ ይችላሉ። በየሰፈሩ ውድድር ግን ስልኩ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ይበቃል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስትራስቡርግ ላይ አንድ ግራንድ ማስተር በጨዋታ መሐል መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስልክ ሲጠቀም ተገኝቶ አምኗል፤ ማዕረጉን ተነጠቀ፣ ስድስት ዓመትም ታገደ። ከዚያ ወዲህ ተጋጣሚዬ ተነስቶ በወጣ ቁጥር ያ ነገር ትዝ ይለኛል። ሰውየው ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል፣ ቡና ሊገዛ ሄዶ ይሆናል፣ እግሩን ሊያፍታታ ይሆናል። እኔ ግን ሰሌዳውን ትቼ በሩን እመለከታለሁ። ንጹሕ ሰው በልቤ መጠርጠሬን እጠላዋለሁ፤ እንድጠረጥር ያደረገኝንም አሠራር እጠላዋለሁ። ስልክ ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ ቁጥር ተሰጥቶት ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? አዘጋጆች ወጪና ጣጣ ይላሉ። ጥርጣሬውስ ለስንቱ ጣጣ ሆኖብናል?

ይህ ሁሉ ይቻላል፤ ችለን ነው የኖርነው። አንጀቴን የሚበላው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ያለው ነው።

ድሮ ጨዋታ ሲያልቅ አያልቅም ነበር። እጅ እንጨባበጣለን፣ ወረቀቱን እንፈርማለን፣ ሰሌዳውን ይዘን ወደ ጎኑ ክፍል እንሄዳለን፤ ጠጠሮቹን መልሰን እንደረድራለን። «እዚህ ጋ ፈረስህን ለምን መለስክ? እኔ እኮ ብታመጣው ፈርቼ ነበር» ይባላል። ፈርቶ እንደነበር ያኔ ነው የምታውቀው። አንተ ያላየኸውን እሱ አይቶ፣ እሱ የጨነቀውን አንተ ንቀኸው፣ ሁለታችሁም ያላያችሁትን ደግሞ ከጀርባ የቆመ ሦስተኛ ሰው ይጠቁማችኋል። የተሸነፈው ቁጭቱ ይበርድለታል፤ ያሸነፈውም ዕድለኛ የነበረባትን እርምጃ ያያል። ቼዝ የተማርነው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወዳጅ ያፈራነውም እዚያው ነው።

አሁን እጅ ከመጨባበጣችን ስልክ ይወጣል። ጨዋታው ይገባበታል፤ ስቶክፊሽ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ የብልጫውን መጠን የሚያሳይ ነው። «አሥራ አራተኛው ላይ ሦስት ነጥብ ሁለት ነበርኩ» ይለኛል፣ ስልኩን እያየ። የትኛዋ እርምጃ እንደምትሻል ፕሮግራሙ ከማናችንም በላይ ያውቃል፤ ማንም አይክደውም። እኔ ግን የጠየቅኩት እሱን አልነበረም። የጠየቅኩት ያን ሰው ነው፤ ምን አይተህ ነው፣ ምን ፈልገህ ነው፣ ሩክህን ወደዚያ ስታመጣ ምን እየመጣብኝ ነበር? ይህን ፕሮግራሙ አያውቀውም፤ የሚያውቀው ከፊቴ ተቀምጦ የነበረው ሰው ብቻ ነው። እሱም ስልኩን ይዞ ሄዷል።

ጋሼ እያልኩ የማከብራቸው አንድ የአገሬ ሰው በየውድድሩ አይጠፉም ነበር። ዲ4 ከፍተው ሲ4 የሚያስከትሉ፣ ለእያንዳንዷ ወታደር ጊዜ የሚሰጡ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርገው «በል እስቲ ከመጀመሪያው» የሚሉ ሰው ነበሩ። ሲቀሩብኝ ጊዜ ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ ባሸንፍም ብሸነፍም አንድ ሰው አያዋራኝም። ከኮምፒውተሩ ጋር ከሆነማ እቤቴ ቁጭ ብዬ ልጫወት፤ የመኪና ማቆሚያ እንኳ አልከፍልም» አሉኝ። ምን ብዬ ላስተባብል? እውነታቸውን ነው። በጨዋታ ማንም ያላባረራቸውን ሰው ዝምታችን አባረራቸው።

እንግዲህ የምለምነው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዲ4 ብለህ የምትከፍትብኝ ወንድሜ፣ የፈለግከውን ሲስተም ተጫወት፤ ግን እኔ በሄድኩ ቁጥር ከመሄድህ በፊት አንድ ጊዜ የእኔን ጠጠሮች ተመልከት። አቻ ከፈለግክ በሥርዓቱ አንዴ ጠይቀኝ። መውጣት ካለብህ ለዳኛው ንገር። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ስልኩን ቦርሳህ ውስጥ ተወውና አሥር ደቂቃ ስጠኝ፤ ከፈለግክ ማታ እቤትህ ፕሮግራሙን ትጠይቀዋለህ። አዘጋጆችም፣ በምዝገባ ከምንከፍለው ላይ ለጎን ክፍል የሚሆን ጥቂት ጠረጴዛ አስቀሩልን፤ በዙሮቹ መካከልም ግማሽ ሰዓት ጨምሩልን። ጠረጴዛው ከተገኘ ጋሼን ደውዬ የማመጣቸው እኔ ነኝ።